ሻወሩ ደከመ ሲሏችሁ፣ ለፓምፕ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

«ሻወሩ ጠብ ጠብ ነው የሚለው፤ ፓምፕ ይገዛ» የሚል ስልክ ከሀገር ቤት ሲመጣ እጃችሁ ቶሎ ወደ ኪስ አይሂድ። መጀመሪያ ውሃው የቱ ጋ እንደሚደክም ይታወቅ። የተደፈነ ነገር ካለ ፓምፕ አይከፍተውም።

ቪዲዮ አስልኩ። «ሻወሩን አሳዩኝ» ብቻ ግን አትበሉ፤ በስልክ ሲታይ ሁሉም ሻወር ደካማ ይመስላል። 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከሥሩ ይቀመጥ። ውሃው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ባልዲው እስኪሞላ ሳይቋረጥ ይቀረጽ። የቪዲዮው ርዝመት ሰዓት ይሆናችኋል። 1 ደቂቃ አካባቢ ከሆነ ፍሰቱ ደህና ነው። 3 ደቂቃ ከፈጀ ቤተሰብ ያማረረው በከንቱ አይደለም።

ቀጥሎ የሻወሩ ራስ ተፈትቶ ያው ይደገም። ያለ ራሱ ውሃው በደንብ ከወረደ ጥፋተኛው ተገኘ። ቀዳዳዎቹን ነጭ የኖራ ዝቃጭ ደፍኗቸዋል። ራሱ ኮምጣጤ ውስጥ ይደርና ጠዋት በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ይፈተግ። መግቢያው ላይ ትንሽ ወንፊት ካለችም አሸዋ ትይዛለችና ትታጠብ። እዚህ ላይ ካለቀ ወጪው አንድ ጠርሙስ ኮምጣጤ ነው።

ካልተለወጠ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይታይ። እዚያ ደህና ከሆነ ችግሩ ወደ መታጠቢያ ቤት በሚሄደው መስመር ላይ ነው። ሙቁ ብቻ ከደከመ ቦይለሩ ጋ ይታይ። ቤቱ በሙሉ ከደከመ ዋናው ሳራቺኔስካ (የቤቱ ውሃ መክፈቻና መዝጊያ) ይፈተሽ፤ ለጥገና ተዘግቶ ሲመለስ ግማሹን ብቻ ተከፍቶ ይረሳል። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ያጋጥማል። የቆየ የብረት ቧንቧ ከሆነ ደግሞ ውስጡ በዝገት ይጠባል። ያኔ መቀየር እንጂ መነካካት አያዋጣም።

ውሃው ከጣሪያ ሮቶ (የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር) የሚወርድ ከሆነ ነገሩ የከፍታ ጉዳይ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ከሻወሩ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ያላችሁ 0.2 ባር ነው፤ ለሻወር በጣም ትንሽ። ትልቅ ሮቶ መግዛት ለዚህ ምንም አይፈይድም። ሮቶው የሚቀመጥበትን ማማ 1 ሜትር ማሳደግም 0.1 ባር ብቻ ነው የሚጨምረው፤ 1,000 ሊትር ውሃ ደግሞ ብቻውን 1 ቶን ይመዝናል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የሚወርደውን ቀጭን ቧንቧ በወፍራም አስቀይራለሁ።

ፓምፕ የግድ ከሆነ ከሮቶው በኋላ ይገጠም። ከመንገዱ የውሃ መስመር በቀጥታ እንዲስብ አትፍቀዱ። የጎረቤትን ውሃ ይሻማል፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ካለም ቆሻሻ ሊስብ ይችላል። ብዙ ቦታ ክልክልም ነው። ፓምፑ ሮቶው ሲደርቅ በራሱ የሚጠፋ ይሁን፤ ያለ ውሃ የሚሽከረከር ፓምፕ ይቃጠላል።

ክፍያውን በሁለት ክፈሉት። ለዕቃው መጀመሪያ ላኩ፤ የእጅ ዋጋው ግን ያው የባልዲ ቪዲዮ ከሥራው በኋላ ተቀርጾ ሲደርሳችሁ ይከፈል። ባለሙያውም ይህን ሳይጀምር በፊት ይወቀው፤ ሲጨርስ ከሰማ እናታችሁ ናቸው የሚጨቃጨቁት።