የ2.8 ሴንቲሜትሯ ዝላይ

በቱርክ ያለውን የሰሜን አናቶሊያን የምድር ስንጥቅ በሴንቲኔል-1 ሳተላይት የራዳር ምስሎች እያየሁ ነበር። አንድ ሸለቆ ጠርዝ ላይ መሬቱ ድንገት በ2.8 ሴንቲሜትር ይዘላል። መስመሩም ከስንጥቁ ጋር ትይዩ ነው። ኢስሜትፓሻ በተባለ ቦታ አካባቢ ይኸው ስንጥቅ ያለ መንቀጥቀጥ በዝግታ እንደሚንሸራተት ይታወቃል። ሌላ ቦታ አገኘሁ ብዬ ፈነደቅኩ።

ቁጥሯ ግን ከነከነችኝ። የራዳሩ ሞገድ ርዝመት 5.6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ራዳሩ የሚለካው ሞገዱ በዙሩ ውስጥ የት ላይ እንዳለ ብቻ ነው፤ ስንት ሙሉ ዙር እንዳለፈ የሚቆጥረው ሶፍትዌር ነው። ሞገዱ ደርሶ መልስ ስለሚጓዝ አንድ ሙሉ ዙር ማለት በመሬቱ እንቅስቃሴ ሲለካ ግማሹ፣ 2.8 ሴንቲሜትር ነው። ለካ ሶፍትዌሩ ዙር ሲቆጥር አንዷን ስቷል። (ሞገዱ በዙሩ ውስጥ ያለበትን ቦታ በሙያው "ፌዝ" ይሉታል፤ እውነትም ሲያሾፍብኝ ነበር።)

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሦስት ምስሎች ውሰዱ። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ያለውን ለውጥ ደምሩ። ከአንደኛው በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ያለውን ቀንሱ። ዜሮ አካባቢ መምጣት አለበት። የእኔ ከሸለቆው ማዶ አንድ ሙሉ ዙር ተረፈው። ጥፋተኛዋ በረዶ የተኛበት የክረምት ምስል ያለባት የሁለት ምስሎች ጥንድ ነበረች።

መጀመሪያ የምስሉን ጫጫታ የሚያለሰልሰውን ማጣሪያ አጠበቅኩ። ስህተቱን አለሰለሰው እንጂ አላጠፋውም። ከዚያ ምልክቱ የደከመበትን ሸለቆ ሸፍኜ ዙሩን እንደገና አስቆጠርኩ። ደግነቱ ሁለቱን ዳርቻዎች የሚያገናኝ ደረቅ ኮረብታ ስለነበር ቆጠራው በዚያ በኩል ዞረ። ሁለት ጥንዶች አሁንም አልገጥም አሉ፤ ጣልኳቸው።

ዝላይዋ ጠፋች። የቀረው በስንጥቁ ግራና ቀኝ፣ በብዙ ኪሎሜትሮች ላይ ቀስ እያለ የሚቀየር ፍጥነት ነው፤ የተቆለፈ፣ ማለትም ሳይንሸራተት ተይዞ ያለ ስንጥቅ መልክ። ግኝቴም አብራ ሄደች።