የኢራን ታሪክና ባህል በድኅረ ምረቃ ደረጃ፦ ከስድስት ኪሎ የሚጀምር ዝግጅት

የኢራንን ታሪክና ባህል በማስተርስ ወይም በዶክትሬት ደረጃ ለመማር ያሰበ የአዲስ አበባ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚፈልገው የዩኒቨርሲቲ ስምና የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጡት ነው፤ በቅድሚያ የጥናት ጥያቄዎን ይምረጡ፣ ቀጥሎ ቋንቋውን ይጀምሩ፣ ዩኒቨርሲቲውን ከዚያ በኋላ ይፈልጉ። ጥያቄው ሲመረጥም ግእዝ፣ ዐረብኛ ወይም የኢትዮጵያ ታሪክ ዕውቀትዎ ዋጋ የሚያገኝበት ቢሆን ይመረጣል።

ለዚህ ከቀይ ባሕር ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዐፄ ካሌብ በ525 ገደማ የየመኑን የሂምያር መንግሥት ድል ካደረጉ በኋላ የአክሱም ጦር አዛዥ የነበረው አብርሃ የመንን ለረጅም ጊዜ ገዛ፤ በ570ዎቹ ግን አገሪቱ የሳሳኒድ ሥርወ መንግሥት የፋርስ ንጉሥ ቀዳማዊ ኾስሮው በላከው ጦር እጅ ገባች። አብርሃ የማሪብን ግድብ ባሳደሰ ጊዜ ያስቀረጸው ጽሑፍ ከአክሱም፣ ከሮምና ከፋርስ መልእክተኞች እንደመጡለት ይናገራል፤ የተቀረጸበት ፊደልም የግእዝ ፊደል የቅርብ ዘመድ ነው። የፋርሶቹን ዘመቻ በሰፊው የተረከው ታሪክ ጸሐፊ አል-ጠበሪ በትውልዱ የሰሜን ኢራን ሰው ቢሆንም የጻፈው በዐረብኛ ነበር። ስለዚህ ይህን የኢራን ታሪክ ምዕራፍ ለማጥናት ከሚያስፈልጉት ቋንቋዎች ከፊሉን አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከአገሩ ሳይወጣ ሊይዝ ይችላል።

ዝንባሌዎ ወደ ሥነ ጽሑፍ ከሆነም መንገዱ ክፍት ነው። ዳርዮስ በግእዙ የእስክንድር ታሪክ ውስጥ የፋርስ ንጉሥ ሆኖ ይገኛል፤ ባለቅኔው ፊርዶሲ በ1010 በፈጸመው ሻህናማ በተባለው የፋርስኛ የነገሥታት ታሪክ ግጥም ውስጥ ደግሞ እስክንድር ራሱ የፋርስ ንጉሥ ልጅና የዳራ (የዳርዮስ) ወንድም ተደርጎ ቀርቧል። ሁለቱ ትውፊቶች አንዱን ድል አድራጊ እንዴት ለየራሳቸው እንዳደረጉት ማነጻጸር ለአንድ የማስተርስ ጽሑፍ በቂ፣ እንዲያውም ከበቂ በላይ ነው።

ፋርስኛን ከማመልከትዎ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድመው ይጀምሩ። የሚጻፈው በ32 ፊደላት፣ በዐረብኛው ፊደል ላይ አራት ተጨምረውበት ነው፤ ግሱ እንደ አማርኛ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣና ስሞቹ ጾታ ስለሌላቸው ለአማርኛ ተናጋሪ የሰዋስዉ መግቢያ አይከብድም። የጥንቱን ፋርስኛ የሽብልቅ ጽሕፈትና ፓህላቪ የተባለውን የመካከለኛ ዘመን ፋርስኛ ግን በመምህር እጅ መማር ስለሚሻል ለዩኒቨርሲቲው ይተዉዋቸው። በዚህ መስክ ብዙ መሠረታዊ ጥናት የተጻፈው በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ስለሆነ በስድስት ኪሎው የጎይቴ ኢንስቲትዩት ወይም በአሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ከሁለቱ አንዱን ጎን ለጎን መማር ይጠቅማል።

ለንባብ በስድስት ኪሎ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ለአክሱምና ለቀይ ባሕር ታሪክ ተቀዳሚ ቦታ ነው፤ አራት ኪሎ ያለው አብርሆትም ለረጅም ሰዓት ንባብ ይመቻል። ስለ ኢራን ራሷ ደግሞ በኤህሳን ያርሻቴር የተመሠረተውን ኢንሳይክሎፒዲያ ኢራኒካ በኢንተርኔት በነፃ ማንበብ ይቻላል፤ በየጽሑፉ መጨረሻ ያለውን የመጻሕፍት ዝርዝር መመዝገብ ግን አይዘንጉ፣ የጥናት ሐሳብዎ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነውና።

ማስታወሻ ሲይዙ የዘመን አቆጣጠርን ከመጀመሪያው ቀን ያስተካክሉ። ኢራን ከ1925 ጀምሮ በይፋ የምትጠቀመው የፀሐይ ሂጅራን፣ ማለትም ከነቢዩ መሐመድ ስደት ጀምሮ በፀሐይ ዓመት የሚቆጥረውን አቆጣጠር ሲሆን፣ አዲስ ዓመቷ ኖውሩዝ በእኛ መጋቢት 11 ወይም 12 አካባቢ ይውላል። ከዚያ በፊት የነበሩ ሰነዶች ብዙውን ጊዜ የጨረቃውን ሂጅራ ይከተላሉ፤ የ1906ቱ የሕገ መንግሥት ዐዋጅ ለምሳሌ በፀሐዩ 1285፣ በጨረቃው 1324፣ በእኛ ደግሞ 1898 ነው። አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ማዘጋጀት በኋላ ከብዙ ግራ መጋባት ያድናል።

ዩኒቨርሲቲ ሲፈልጉ በስኮትላንድ የሚገኘው የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የኢራን ጥናት ተቋም፣ የለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት (ሶአስ) እና በኔዘርላንድስ ያለው የላይደን ዩኒቨርሲቲ በቅድሚያ ሊታዩ ይገባል፤ በኢራን ውስጥ ደግሞ በ1934 የተመሠረተው የቴህራን ዩኒቨርሲቲ አለ። ቺቭኒንግ የተባለው የብሪታንያ መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል ለአንድ ዓመት ማስተርስ የሚሆን ሙሉ ወጪ ቢሸፍንም የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ፣ ገና የተመረቁ ከሆነ ይህንን ጊዜ ለቋንቋው ይጠቀሙበት።

የድጋፍ ደብዳቤ የመመረቂያ ጽሑፍዎን በትክክል ካነበበ መምህር ያስጽፉ፤ የትልቅ ሹመት ባለቤት ከሩቅ የጻፈው ደብዳቤ ብዙ አይረዳም። ለሚፈልጉት አማካሪ ፕሮፌሰር ከማመልከቻው አስቀድመው ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ይላኩ፤ በመጀመሪያው አንቀጽ ጥያቄዎንና ምንጮቹን የሚያነቡባቸውን ቋንቋዎች፣ ግእዝንም ጨምሮ፣ በግልጽ ያስቀምጡ።