የቡና ገለፈት ትንፋሽ ይፈልጋል

ጓሯችን ይርጋጨፌ አካባቢ ከአንድ የቡና ማጠቢያ ሳይት በታች ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማሽኑ ሌሊቱን ሲፈለፍል ያድራል። ሲነጋ የቀይ ገለፈት፣ ማለትም ከእሸት ቡናው የተፈለፈለ ልጣጭ ተራራ ይጠብቀናል። ከ100 ኪሎ እሸት ቡና 40 ኪሎ ያህሉ ገለፈት ነው። ወንዝ ሲገባ ውሃውን ያበላሻል። እሱን ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል፤ በፖታሲየም የበለጸገ የተክል ምግብ ነውና።

በመጀመሪያው ዓመት ትኩሱን በጆንያ አምጥቼ ችግኞቼ ሥር ደፋሁት። ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ። ዝንቡም መቀመጫ አሳጣን። ጥሬ ገለፈት ሲበሰብስ ናይትሮጅን ከተክሉ ጋር ይሻማል። ስለዚህ መጀመሪያ ተከምሮ ብስባሽ (ኮምፖስት) እስኪሆን መብሰል አለበት።

ከማሽን የወጣው ውሃ የተሸከመ ነው። ሁለት ቀን ዘርግታችሁ አጠንፍፉት። ከወንዝና ከጎርፍ የራቀ ጥላ ፈልጉ። መሬቱ ላይ ጭራሮና የተገረዘ የቡና ቅርንጫፍ አንጥፉ፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ አንድ ስንዝር ገለፈት፣ በላዩ ግማሽ ስንዝር ደረቅ ነገር፦ የእንሰት ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ፣ የጥላ ዛፍ ርጋፊ። ከዚያ ስስ እበትና ጥቂት የጓሮ አፈር። እየደጋገማችሁ እስከ ደረት ከፍ አድርጉት፤ ስፋቱ 1.5 ሜትር ይበቃል። ዝናብ እንዳይገባው በኮባ ሸፍኑት። አመድ ብትጨምሩ በስሱ ይሁን፤ ሲበዛ የእበቱን ናይትሮጅን ያበንነዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። እኛ ጌዴኦ ውስጥ ቆጮ አፍነን ማብላላት ለምደናል። ገለፈት ግን ሲታፈን ይበላሻል፤ ይከረፋል፣ ትል ያፈራል። ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ትንፋሹ ደግሞ መገልበጥ ነው።

እኔ አንድ ሜትር የምትሆን ፌሮ ክምሩ መሃል ሰክቼ እተዋለሁ። በአምስተኛው ቀን መዝዤ ጫፏን እጨብጣለሁ። በሙቀቷ ቶሎ ካስለቀቀችኝ ክምሩ እየሠራ ነው። ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ የአረም ዘር ይሞታል። ቀዝቃዛና የሚሸት ዝቃጭ ይዛ ከወጣች ያው ታፍኗል፤ በዚያው ቀን ደረቅ ቅጠል ጨምሬ እገለብጠዋለሁ። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየ15 ቀኑ ገልብጡ። የውጪው ወደ መሃል ይግባ፤ ሙቀቱ ሁሉንም ሊያገኘው ይገባል። በገለበጣችሁ ቁጥር አንድ እፍኝ ጨምቁ። በጣት መሃል ውሃ ከወረደ በዝቷል፤ ከተበተነ ውሃ አርከፍክፉ። አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ካለ ልኩ ነው።

ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ይጠቁራል። ገልብጣችሁት ካልሞቀና ዝናብ የመታው የጫካ አፈር ከሸተተ ደርሷል። ለማረጋገጥ ጥቂት በጣሳ አድርጋችሁ የጎመን ዘር ዝሩበት። በሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ከበቀለ እመኑት። ቢጫ ከሆነ ሌላ ሦስት ሳምንት ይቆይ።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ለአንድ ትልቅ የቡና ዛፍ 5 ኪሎ ያህል ስጡት። ግንዱን አታስነኩት፤ የቅርንጫፉ ጥላ ጫፍ ላይ ዙሪያውን በትኑ፣ ስሱ ሥር ያለው እዚያ ነው። በቅጠልም ሸፍኑት። ለችግኝ መደብ አንድ እጅ ብስባሽ ለሦስት እጅ አፈር እቀላቅላለሁ። የተረፈኝን ለእንሰቱ እሰጣለሁ።