ኬኩ ይቆይ፣ በፋንዲሻ እንጀምር

መጋገር ልማር የሚል ሰው ሁሉ በቀጥታ ወደ ኬክ ይሮጣል። ያውም ክሬም የተቀባ፣ ሁለት ፎቅ ያለው። እኔን ምክር ለሚጠይቀኝ ግን መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ኬኩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ፋንዲሻ አፈንዳ።

የቀለድኩ የሚመስላቸው አሉ። አልቀለድኩም። ጀማሪን የሚያስቸግረው የእጅ ሙያ ሳይሆን እሳት ነው። እሳቱ ምን ያህል ይሁን? መቼ ይቀነስ? መቼ ይውጣ? ፋንዲሻ ይህንን በአሥር ደቂቃ ያሳያል። ቢበላሽም የሚደፋው እፍኝ በቆሎ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ከፍ እያልን እንሄዳለን። ከታች ያሉትን አምስት ነገሮች በዚህ ቅደም ተከተል ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ ስለዚህ አትዝለሉ።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ወፈር ያለ ድስት ከነክዳኑ፣ መጥበሻ፣ የኦቨን ትሪ፣ የኬክ መጋገሪያ፣ ጎድጓዳ ሳህንና የእንጨት ማንኪያ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ እንግዛ ካላችሁኝ ሚዛን ግዙ። ትንሿን፣ በግራም የምትለካውን። ኩባያ አይታመንም። አንዱን ኩባያ ዱቄት በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ብትሞሉት 120 ግራም ገደማ ይይዛል። ያንኑ ኩባያ ዱቄቱ ውስጥ ከታችሁ ብትዝቁበት 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። የሩብ ያህል ልዩነት ነው! ከዚያ ኩኪሱ አልቆረጥም ሲል “እኔ እኮ እጄ አይሆንም” ይባላል። እጅ ምን አጠፋ? ሚዛን ከሌላችሁ ዱቄቱን በማንኪያ እየጨመራችሁ ሙሉት፣ ኩባያውን አትነቅንቁት፣ ትርፉን በቢላ ጀርባ ጥረጉት።

ፋንዲሻ

ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወፍራሙ ድስት ውስጥ ጨምሩና መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱት። ሦስት የበቆሎ ፍሬ ጣል አድርጋችሁ ክደኑ። ሦስቱም ሲፈነዱ ዘይቱ ደርሷል ማለት ነው። እነሱን አውጡና ግማሽ ኩባያ የፋንዲሻ በቆሎ ጨምሩ። አሁን ድስቱን ከእሳቱ አንሡት፣ እስከ 30 ቁጠሩ፣ ከዚያ መልሱት። በዚህች ፋታ ሁሉም ፍሬ እኩል ይሞቃል፤ ሲፈነዳም አብሮ ይፈነዳል።

የፋንዲሻ በቆሎ ውስጡ 14 በመቶ ገደማ ውሃ አለው። ፍሬው 180 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ያ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ቅርፊቱን ይበጥሰዋል። ክፍት ዕቃ ውስጥ ቆይቶ የደረቀ በቆሎ አልፈነዳም የሚለው ለዚህ ነው። የሚገፋው ውሃ የለውም።

ፍንዳታው ሲጀምር ክዳኑን ለጥቂት ገርበብ አድርጉት። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ፋንዲሻው ላይ ተመልሶ ያለሰልሰዋል። ድስቱን አልፎ አልፎ ወዝወዝ እያደረጋችሁ አድምጡ። በአንዱና በሚቀጥለው ፍንዳታ መካከል ሁለት ሦስት ሰከንድ መቁጠር ስትችሉ አውርዱት። የቀሩት ሁሉ ይፈንዱ ብላችሁ ከጠበቃችሁ የፈነዱት ያርራሉ። ጨው ወዲያው፣ ገና ትኩስ ሳለ። ደቃቅ ጨው ይሻላል፤ ሸካራው ታች ወርዶ ይቀራል።

የተጠበሰ ሽምብራ፣ ከኦቨን ጋር መተዋወቂያ

የኦቨን ቁልፍ ይዋሻል። 180 ላይ አድርጋችሁት ውስጡ 160 ወይም 200 ሊሆን ይችላል። ኦቨን ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ግዙ። ካላገኛችሁ የተቆራረጠ ዳቦ ትሪው ላይ ደርድሩ፣ 180 ላይ ክተቱና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እዩት። ቀድሞ የቀላው ያለበት ቦታ ይበልጥ የሚሞቀው ጥግ ነው። ኦቨናችሁን በዚህ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ በጋገራችሁ ቁጥር ግማሽ ላይ ትሪውን ማዞር ነው። ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነ ደግሞ የምግብ አሠራሩ ካለው 20 ዲግሪ ያህል ቀንሱ።

ሌላው ቀድሞ ማሞቅ ነው። የኦቨኑ የማሞቂያ ምልክት መብራት ስለጠፋ ብቻ ሞቋል አትበሉ፤ 15 ወይም 20 ደቂቃ ስጡት።

አሁን ወደ ሽምብራው። የተቀቀለ ሽምብራ፣ ሁለት ኩባያ ያህል። ውሃውን አጥልሉ፣ ንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ በደንብ አድርቁት። በደንብ ስል እንደው አበስ አበስ ማለቴ አይደለም። ጊዜ ካላችሁ ግማሽ ሰዓት እንደተዘረጋ ይቆይ። እርጥብ ሆኖ ከገባ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና በጨው እሹት፣ ሳይደራረብ በትሪው ላይ ዘርጉት፣ 200 ዲግሪ ላይ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይቆይ። በየአሥር ደቂቃው ወዝውዙት።

ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርት ዱቄት የመሳሰለውን መጨረሻ ላይ ነው የምትነሰንሱት። ቀድሞ ከገባ ያርርና ይመራል። ሲወጣ እስኪቀዘቅዝ አትክደኑት። እውነቱን ለመናገር ሽምብራ በማግስቱ ያን ያህል አይደለም። ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሸው በዕለቱ ነው።

ፓንኬክ

እስካሁን ሊጥ አልነካንም። ፓንኬክ የመጀመሪያው ሊጣችን ነው፣ ትምህርቱም አጭር ነው፤ ብዙ አታማስሉ።

150 ግራም ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው ደባልቁ። በሌላ ሳህን 1 እንቁላል፣ 200 ሚሊ ሊትር ወተትና 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ምቱ። ፈሳሹን ደረቁ ላይ ገልብጡና አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ብቻ አማስሉ። ጓል ጓል ብሎ ይታያችኋል። ተዉት! እጅ እንደሚበላ አውቃለሁ። ግን የስንዴ ዱቄት ውሃ ሲያገኝ ውስጡ ያለው ፕሮቲን ተያይዞ ግሉተን ይሠራል። ባማሰላችሁት ቁጥር ይጠነክራል። ለዳቦ ይሄ ጥሩ ነው፤ ዳቦን የሚያሹት ለዚሁ ነው። ፓንኬክና ኬክ ላይ ግን ውጤቱ የሚለጠጥ፣ የሚያታግል ነገር ነው። ትናንሾቹ ጓሎች ለአሥር ደቂቃ ስታሳርፉት ራሳቸው ውሃ ይጠጣሉ።

ከአሥር ደቂቃ ብዙ አትለፉ። ቤኪንግ ፓውደር ፈሳሽ ሲነካው መሥራት ይጀምራል፣ እሳት ሲያገኝ ደግሞ እንደገና ይሠራል። ሊጡ ለሰዓታት ከቆየ የመጀመሪያው ጉልበት ባከነ። የቆየ ቤኪንግ ፓውደር ካላችሁ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ እዩት። ፈላ ፈላ ካለ ደህና ነው። ዝም ካለ ጣሉት፣ አታዝኑለት። ቤኪንግ ሶዳ በዚያው መንገድ በኮምጣጤ ይፈተሻል።

መጥበሻው መካከለኛ እሳት ላይ ይሁን። ጠብታ ውሃ ስታርከፈክፉ ጠብታዋ ከተንደረደረች ደርሷል። አንድ ጭልፋ አፍስሱና ጠብቁ። ላዩ ላይ አረፋ ይወጣል፣ ይፈነዳል። ቀዳዳው ሳይደፈን ሲቀርና ዳሩ ሲጠነክር ገልብጡ፣ አንዴ ብቻ። በማንኪያ አትጫኑት፤ የገባውን አየር ራሳችሁ እያስወጣችሁ ነው። የመጀመሪያው መልኩ ባያምር አትጨነቁ። እሱ እሳቱን ማስተካከያ ነው፣ ደግሞም ሁልጊዜ የሚበላው አይጠፋም።

ባለ ሦስት ነገሩ ኩኪስ

ለማስታወስ ከዚህ የሚቀል የለም፤ አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ የገበታ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት፣ ሁሉም በክብደት። ለመጀመሪያ ጊዜ 50 ግራም ስኳር፣ 100 ግራም ቅቤ፣ 150 ግራም ዱቄት በቂ ነው። አሥራ አምስት ያህል ይወጣዋል። እንቁላል የለም፣ ቤኪንግ ፓውደር የለም። ቁንጥር ጨው ግን አትርሱ። ቫኒላ ያላችሁ ጨምሩ፣ የሌላችሁ ግድ የለም፤ በኔ አስተያየት ጥሩ ቅቤ ካለ ቫኒላ ትርፍ ነው።

ሁሉም ነገር ቅቤው ላይ ነው። በጣት ስትጫኑት የሚሰረጉድ፣ ግን ቅርጹን የያዘ መሆን አለበት። የቀለጠ ከሆነ ኩኪሱ ኦቨን ውስጥ ይዘረጋል፣ እርስ በርስም ይጣበቃል። ከፍሪጅ የወጣ ድርቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ከስኳሩ ጋር አይዋሃድም። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ አውጡት። ቸኩላችሁ ምድጃ ላይ አታቅልጡት፤ ይልቅ ቆራርጡት፣ ቶሎ ይለሰልሳል።

ቅቤና ስኳሩን አዋህዱ፣ ዱቄቱን ጨምሩ፣ በእጃችሁ እስኪሰበሰብ ድረስ ብቻ ጨብጡት። ፓንኬኩ ላይ ያልነው እዚህም አለ። ቅቤው ዱቄቱን ስለሚለብሰው ውሃ በቀላሉ አያገኘውም፣ ግሉተኑም አይጠነክርም። አፍ ውስጥ ፍርፍር የሚለው ለዚህ ነው። ሊጡን እንደ ዱላ አድቦልቡሉት፣ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ከዚያ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቆራርጡና 165 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ አካባቢ ጋግሩ።

ብዙ ሰው ኩኪስ የሚያበላሸው ሲያወጣው ነው፤ ያዘገየዋል። ዳሩ ቀላ ሲል፣ መሃሉ ገና ገርጥቶና ለስልሶ እያለ አውጡት። ትሪው ላይ እያለ መብሰሉን ይቀጥላል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ትኩሱን ስትነኩት “አልበሰለም” ትላላችሁ። አትመልሱት። አሥር ደቂቃ ብቻ ጠብቁ።

የእህቴ ልጅ ሊጡን ጥሬውን ካልበላ አያርፍም። ለእሱ የምነግረውን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ጥሬ ዱቄት እንደ ጥሬ እንቁላል ጀርም ሊኖረው ይችላል። ማንኪያውን ወደ ማጠቢያው።

የሙዝ ዳቦ

እዚህ ስትደርሱ እሳቱንም፣ ሊጡንም፣ ኦቨኑንም ታውቁታላችሁ። የሙዝ ዳቦ ስሙ ነው እንጂ ኬክ ነው። እንግዲህ ቆይ ያልነው ኬክ ሰዓቱ ደርሷል።

ሦስት ሙዝ፣ ተልጦ 300 ግራም አካባቢ። ልጣጩ የጠቆረ፣ ሰው አልበላም ያለው ይሁን። ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ቢጫው ገና ስለሆነ ጣዕም አይሰጣችሁም። በሹካ አድቅቁት። 2 እንቁላል፣ 100 ግራም ስኳር፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይትና 2 የሾርባ ማንኪያ እርጎ ጨምራችሁ ምቱ። በሌላ ዕቃ 200 ግራም ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከወደዳችሁ ቀረፋ። እርጎው የገባው በምክንያት ነው። ሶዳ ብቻውን በቂ አይሠራም፣ የሚኮመጥጥ ነገር ይፈልጋል። ሶዳውን “ይበልጥ ይነፋ” ብላችሁ አትጨምሩ፤ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ደረቁን ፈሳሹ ላይ ጨምሩና ዱቄቱ መታየቱ ሲቀር አቁሙ። ቅባት በተቀባ መጋገሪያ ውስጥ ከሁለት ሦስተኛ ሳያልፍ አፍስሱ፣ 175 ዲግሪ ላይ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በሩን አትክፈቱ። ላዩ ገና ስላልጸና ቀዝቃዛ አየር ሲገባ መሃሉ ይሰምጣል። ቶሎ ከቀላ ፎይል ጣል አድርጉበት። ስንጥር መሃሉ ላይ ወግታችሁ ስታወጡ እርጥብ ሊጥ ካልያዘ በስሏል፤ ጥቂት ፍርፋሪ ቢይዝ ችግር የለውም።

ኦቨን ለሌላችሁ፦ ትልቅ ወፍራም ድስት ውስጥ የብረት ማስቀመጫ ወይም ባዶ የቱና ቆርቆሮ አስቀምጡ፣ ውሃ ሳትጨምሩ ከድናችሁ በትንሽ እሳት አሥር ደቂቃ አሙቁት። መጋገሪያውን በላዩ አስቀምጡና ክደኑ። እሳቱ እንደቀነሰ ይቆይ። ጊዜው ይረዝማል፣ ላዩም ብዙ አይቀላም፣ ውስጡ ግን ይበስላል። የማይጣበቅ ሽፋን ያለውን ድስት ለዚህ አትጠቀሙ፤ ባዶውን ሲግል ሽፋኑ ይበላሻል።

ሲወጣ መጋገሪያው ውስጥ አሥር ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ አውጡት። እዚያው ከቆየ በራሱ እንፋሎት ታቹ ይርሳል። ትኩሱን ከቆረጣችሁት ደግሞ ይፈረፈራል። የሙዝ ዳቦ በማግስቱ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ እስከዚያ ከቆየላችሁ ማለት ነው። ለሦስት ቀን ያህል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ለረዥም ጊዜ ከፈለጋችሁት ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ፤ ቁራጩን አውጥቶ መጥበሻ ላይ ሁለቱንም ጎን ሞቅ ማድረግ ነው።