ለቨርቹዋል ማሽን ራም እንዴት ይመደባል?

ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ስትፈጥሩ "ራም ስንት ይሁን?" የሚል ሳጥን ይመጣል። አብዛኛው ሰው 4 ወይም 8 ጊጋባይት ብሎ ሞልቶ ያልፋል። እኔም ለዓመታት የማደርገው እንደዚያ ነበር። አንድ ሌሊት የዳታቤዝ ማሽኔ ድርግም ብሎ ከጠፋ በኋላ ነው ያ ቁጥር በትክክል ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ ብዬ የተማርኩት። እዚህ የምጽፈው ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን መንገድ ነው። ምሳሌዬ 32 ጊጋባይት ራም ያለው አንድ ኮምፒውተር ነው። እሱን ሆስት እለዋለሁ። በላዩ ላይ የሚሠሩትን ቨርቹዋል ማሽኖች ደግሞ እንግዳ እላቸዋለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ የጻፋችሁት ቁጥር ጣሪያ ነው

8 ጊጋባይት ብላችሁ ስትጽፉ ያ ሁሉ ራም ወዲያው ተቆርሶ ለእንግዳው አይሰጥም። ሊኑክስ ላይ በኬቪኤም (የሊኑክስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ስትሠሩ፣ ለሆስቱ እንግዳው እንደማንኛውም ፕሮግራም ነው። ራም የሚታደለው በገጽ በገጽ ነው፤ አንዱ ገጽ ብዙ ጊዜ 4 ኪሎባይት ነው። ሆስቱ አንድን ገጽ የሚሰጠው እንግዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካው ብቻ ነው። ስለዚህ 8 ጊጋባይት የተጻፈለት የሊኑክስ እንግዳ ገና ሲነሳ ከሆስቱ የሚወስደው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ዊንዶውስ ይለያል። ባዶ ገጾችን በዜሮ የመሙላት ልማድ ስላለው፣ ገና ሲነሳ ብዙውን ሊነካ ይችላል።

ሁለተኛውን ነገር ግን ልብ በሉ። አንዴ የተነካ ገጽ በራሱ ጊዜ ወደ ሆስቱ አይመለስም። እንግዳው ውስጥ አንድ ፕሮግራም ዘግታችሁ 3 ጊጋባይት ነፃ ብታወጡ፣ ይህን የሚያውቀው እንግዳው ብቻ ነው። ሆስቱ ዛሬም የተያዘ አድርጎ ይቆጥረዋል። የእኔ ችግር በሙሉ የመጣው ይህን ካለማወቅ ነው።

እያንዳንዱ ገጽ አድራሻ አለው፤ የአድራሻው ትርጉም ደግሞ ሁለት ደረጃ አለው። እንግዳው "የኔ ራም" የሚለው አድራሻ በሆስቱ ካርታ እንደገና ይተረጎማል። ድሮ ይህን የሚሠራው ሶፍትዌሩ ስለነበር ፍጥነት ይበላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤኤምዲ፣ በ2008 ደግሞ ኢንቴል ሥራውን ፕሮሰሰሩ ራሱ እንዲሠራው አደረጉ። ከእናንተ የሚጠበቀው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ ገብታችሁ የቨርቹዋላይዜሽን ድጋፉ መከፈቱን ማየት ብቻ ነው።

1. ለሆስቱ የራሱን አስቀሩለት

ከ32ቱ 4 ጊጋባይት እቀንስና 28 ብቻ አለኝ ብዬ እነሳለሁ። ለእያንዳንዱ እንግዳም ከተጻፈለት በላይ አንድ 300 ሜጋባይት ጨምሬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም እንግዳውን የሚያስኬደው ፕሮግራም ራሱ ራም ይፈልጋል። ሆስቱ ላይ ዜድኤፍኤስ የሚባለውን የፋይል ሥርዓት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ካሹን፣ ማለትም ከዲስክ ያነበበውን ራም ላይ የሚያቆይበትን ቦታ፣ ገድቡት። ሊኑክስ ላይ ለረጅም ጊዜ የነበረው ልማድ እስከ ራሙ ግማሽ ድረስ መያዝ ነበር። 16 ጊጋባይት የት እንደገባ ስትፈልጉ እንዳትውሉ።

2. እንግዳው የሚፈልገውን ለኩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ "ቢያንስ ይህን ያህል ያስፈልገኛል" የሚለውን አይቶ እጥፍ ያደርግና ይጽፋል። ከዚያ ይልቅ ለጊዜው ሰፋ አድርጋችሁ ስጡትና እውነተኛ ሥራው ላይ ሳምንት ያህል ተከታተሉት።

የሊኑክስ እንግዳ ከሆነ ፍሪ (free) የሚለውን ትዕዛዝ አስነሱ። ከእኔ ማሽኖች አንዱ ላይ እንዲህ ይል ነበር፦ ጠቅላላ 8 ጊጋባይት፣ የተያዘ 1.9፣ ነፃ 0.3፣ ካሽ 5.8፣ በመጨረሻው ዓምድ ላይ ደግሞ አቬይለብል 5.7። ነፃ የሚለውን 0.3 ያየ ሰው ይደነግጣል፤ "ራም አለቀ" ብሎ 16 ያደርገዋል። እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ምንም አላለቀም። ሊኑክስ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ራም ስለማይወድ፣ ከዲስክ ያነበበውን ፋይል ሁሉ "ነገ ቢፈለግ" ብሎ እዚያው ያቆየዋል። ፕሮግራም ራም ሲጠይቅ ከካሹ ላይ ቀንሶ ይሰጣል። ማየት ያለባችሁ ነፃውን ሳይሆን አቬይለብል የሚለውን ዓምድ ነው። ይህ ቁጥር ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ3.14ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት ሰው የሚገምተው ደምሮና ቀንሶ ነበር።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከጠቅላላው 8 ላይ አቬይለብሉን 5.7 ስትቀንሱ 2.3 ይቀራል። ማሽኑ በእውነት የሚኖርበት ይህ ነው። በሳምንቱ ውስጥ የታየውን ከፍተኛ ቁጥር ውሰዱና ሩብ ያህል ጨምሩበት። 3 ጊጋባይት ገደማ ይመጣል። 8 ሰጥቼው የነበረ ማሽን በ3 ኑሮውን ይኖራል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ ልኬቱ የሚከብደውን ሥራ ይጨምር፤ ባክአፕ፣ የወር መጨረሻ ሪፖርት፣ ዝማኔ። ፀጥ ባለ ሰዓት የተለካ ቁጥር ያታልላል። ሁለተኛ፣ ለዳታቤዝ ካሽ ትርፍ ነገር አይደለም። ካሹን አሟጣችሁ ብትወስዱበት ጥያቄው ሁሉ ወደ ዲስክ ይሄድና ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ዳታቤዝ ላይ እጄን ፈታ አደርጋለሁ።

ቀንሳችሁ ካስነሳችሁት በኋላ ቪኤምስታት (vmstat) የሚለውን ትዕዛዝ ከፍታችሁ የስዋፕ ዓምዶቹን እዩ፤ ስዋፕ ማለት ራም ሲያጥር ገጾች ወደ ዲስክ የሚወጡበት ቦታ ነው። አልፎ አልፎ ትንሽ ቁጥር ቢታይ ምንም አይደለም። ሳያቋርጥ የሚገባና የሚወጣ ከሆነ ግን ጠቧችኋል፤ ጨምሩለት። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር ውስጥ ኮሚትድ (ለፕሮግራሞች ቃል የተገባው ጠቅላላ መጠን) የሚለውን መስመር ተመልከቱ።

3. ቋሚ ይሁን ወይስ ተለዋዋጭ?

ቨርቹዋልቦክስ የሚባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ላይ ከሆናችሁ የምትጽፉት አንድ ቁጥር ነው። ማንሸራተቻው አረንጓዴውን እንዳያልፍ ብቻ ጠብቁ።

የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ ተለዋዋጭ የሚባለውን፣ ራሙ እንደ ፍላጎቱ የሚጨምርና የሚቀንስበትን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2011፣ በዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ሰርቪስ ፓክ 1 አመጣ። መነሻ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር ትሰጡታላችሁ፤ በተጨማሪ ሳትነኩት 20 በመቶ የሆነ መጠባበቂያ አለው። ኬቪኤም ላይ ደግሞ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ ጣሪያው፣ ሌላው አሁን የሚሰጠው። በሁለቱ መካከል ያለውን የሚያንቀሳቅሰው ፊኛ የሚባለው ዘዴ ነው። እንግዳው ውስጥ አንድ ትንሽ ድራይቨር ይቀመጣል። ሆስቱ ራም ሲያጥረው ድራይቨሩን "ተነፋ" ይለዋል። ድራይቨሩ ከእንግዳው ላይ ራም ይጠይቃል፣ ያገኘውን ማንም እንዳይነካው ይይዘዋል፣ ከዚያ "እነዚህ ገጾች የአንተ ናቸው" ብሎ ለሆስቱ ያስረክባል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ የሚለቀቀውን የሚመርጠው የቤቱን ጓዳ የሚያውቀው እንግዳው ራሱ ነውና። ከመጠን በላይ ሲነፋ ግን እንግዳው ታፍኖ የገዛ ፕሮግራሙን መግደል ይጀምራል።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ ለድረ ገጽ፣ ለሙከራና ለአነስተኛ አገልግሎት ተለዋዋጩ ይስማማል። ለዳታቤዝና በጃቫ ለተጻፈ ነገር ሁልጊዜ ቋሚ። ጃቫ ሌላ ካልተነገረው ሲነሳ ካየው ራም አንድ አራተኛውን ጣሪያው ያደርጋል፤ በኋላ ራሙ ሲቀነስ አስተካክሎ አይቀንስም።

ቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ የሚባለው ማስኬጃ ላይ ለወሳኙ ማሽን ሪዘርቬሽኑን (ለእሱ ብቻ የሚጠበቀውን ራም) ሙሉውን ያዙለት። ሊሚት (ሆስቱ የሚጥለው ገደብ) የሚለውን ግን አትንኩት። እንግዳው 8 እንዳለው እያመነ ሆስቱ በ4 ቢገድበው፣ መዘግየቱ ከየት እንደመጣ እንግዳው ውስጥ ሆናችሁ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

4. ድምሩን አስተካክሉ

የዚያን ሌሊቱን ነገር አሁን ልንገራችሁ። 5 እንግዶች ነበሩኝ፤ ለእያንዳንዳቸው 8 ጊጋባይት። ድምሩ 40፣ ያለኝ 32። ሆስቱን ሳየው የተያዘው 19 ብቻ ነበር። "ገና 13 አለኝ" ብዬ ተዝናናሁ። 3 ሳምንት ያለ ምንም ኮሽታ ሠራ።

ከዚያ በአምስቱም ላይ ባክአፕ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲጀምር አዘዝኩ። ባክአፕ ፋይሉን ሁሉ ያነባል። የተነበበው ፋይል በሙሉ እንግዳው ካሽ ውስጥ ይገባል። ካሹ ሲያድግ እስከዚያ ድረስ ተነክተው የማያውቁ ገጾች ተነኩ፤ አምስቱም በአንድ ጊዜ። ሆስቱ መጀመሪያ ስዋፑን ሞላ። 8 ሰዓት ከ40 ላይ ምንም አማራጭ ሲያጣ የሊኑክስ ከርነል እንዲህ ሲሆን የሚያደርገውን አደረገ፤ ብዙ ራም የያዘውን ፕሮግራም መርጦ ገደለ። ከሁሉ የወፈረው ፕሮግራም ደግሞ የዳታቤዙ ማሽን ነበር።

ጠዋት እንግዳውን አስነስቼ ሎጉን (የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) ሳገላብጥ ዋልኩ። አንድም የስህተት መስመር የለም። መብራት እንደተቋረጠበት ነበር የቆመው። ዳታቤዙ እስኪያገግም ድረስ ስንት ሰው ሥራ ፈትቶ እንደጠበቀ አልረሳውም። መልሱ ሆስቱ ሎግ ውስጥ በአንድ መስመር ተጽፎ ነበር፦ "አውት ኦፍ ሜሞሪ"፣ ቀጥሎ የተገደለው ፕሮግራም ስም። እንግዳ ያለ ምልክት ከጠፋባችሁ መጀመሪያ የሆስቱን ሎግ ክፈቱ።

ስለዚህ ደንቤ፦ የሁሉም እንግዶች ጣሪያ ሲደመር ከሆስቱ ትራፊ (በእኔ ምሳሌ ከ28ቱ) አይበልጥም። ማብዛት የግድ ከሆነባችሁ ኬኤስኤም የሚባለው አለ። ከሊኑክስ 2.6.32 ጀምሮ ያለ ነው፤ ተመሳሳይ ይዘት ያላቸውን ገጾች ፈልጎ አንድ ያደርጋቸዋል። አንድ ዓይነት ሲስተም የጫኑ ብዙ እንግዶች ካሏችሁ ይጠቅማል፤ ፕሮሰሰር ግን ይበላል። የደኅንነት ጥያቄም አለበት። ቪኤምዌር በማሽኖች መካከል የሚደረገውን ተመሳሳይ መጋራት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በነባሪነት የዘጋው በዚሁ ምክንያት ነው። የማታውቁት ሰው ማሽን ጎን ለጎን የሚሠራ ከሆነ አትክፈቱት።

5. ትልልቅ ማሽኖች ካሏችሁ

ሁለት ፕሮሰሰር ያለው ሰርቨር ላይ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የቅርብ ራም አለው። በየፕሮሰሰሩ 64 ካለ፣ አንዱን እንግዳ 80 አታድርጉት፤ የሥራው ከፊል ወደ ሩቁ ራም መመላለስ ይሆናል። ለከባድ ዳታቤዝ ደግሞ ትልልቅ ገጽ ሞክሩ። 16 ጊጋባይት በ4 ኪሎባይት ሲከፈል 4,194,304 ገጽ ነው፤ በ2 ሜጋባይት ሲከፈል 8,192 ብቻ። ካርታው ምን ያህል እንደሚቀል አስቡት። ልዩነቱ፣ አስቀድሞ ተቆርጦ የሚያዝ ራም ስለሆነ ሌላው እንግዳ አይደርስበትም። ግራፊክስ ካርድ በቀጥታ የተሰጠው እንግዳም እንዲሁ ሲነሳ ራሙን በሙሉ ይይዛል፤ ፊኛውን እርሱት።

6. አስተካክሉና ተከታተሉ

እንግዳውን አጥፉ፣ ቁጥሩን ቀይሩ፣ አስነሱ። እኔ አሁን ያለሁበት እንዲህ ነው፦ ዳታቤዙ 10 ቋሚ፣ ሁለቱ የድረ ገጽ ማሽኖች 4፣ 4፣ መሞከሪያው 3፣ መከታተያው 2። ድምሩ 23፣ ከየእንግዳው ትርፍ ጋር 24.5። ከ28ቱ የሚተርፈውን 3.5 አንዱ ማሽን ለጊዜው ሲከብደው እሰጠዋለሁ። ባክአፖቹንም በግማሽ ግማሽ ሰዓት አራራቅኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ሆስቱ ላይ የሚታየውን የእያንዳንዱን ድርሻ እና እንግዳው ውስጥ ያለውን አቬይለብል ጎን ለጎን አስቀምጬ አያለሁ።