የኢምቤድድ ዩኒት ቴስት ችግርና መፍትሄ፦ ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ፣ ቦርዱ ላይ ቀይ

በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፈርምዌር (መሣሪያው ውስጥ ባለው ቺፕ ላይ የሚሮጥ ፕሮግራም) በዩኒት ቴስት፣ ማለትም እያንዳንዱን የኮድ ቁራጭ ለብቻው በሚፈትን ቴስት፣ ሲፈተን ደጋግመው የሚመጡ ብልሽቶች እዚህ ተሰብስበዋል። አረንጓዴ ማለት ቴስቱ አለፈ፣ ቀይ ማለት ወደቀ ነው። ኬብሉ መሰካቱን፣ ትክክለኛው ፋይል መጫኑን፣ የሲሪያል ፍጥነቱ በሁለቱም ወገን አንድ መሆኑን አይታችኋል ብለን እንነሳ።

ምልክት፦ ቴስቱ ኮምፒውተር ላይ ገና ሲጀምር በሴግሜንቴሽን ፎልት ይሞታል።

ኮዱ ሬጅስተርን፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚቆጣጠረውን የሜሞሪ ቦታ፣ በቀጥታ በአድራሻው እየነካ ነው። ያ አድራሻ ቦርዱ ላይ ጂፒአይኦ (የቺፑ መግቢያና መውጫ እግሮች መቆጣጠሪያ) ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ፕሮግራሙ እንዳይነካው የተከለከለ ሜሞሪ ነው። ሬጅስተር የሚነካውን ኮድ ሁሉ ወደ አንድ ቀጭን ፋይል አውጡትና ለቴስት ስትገነቡ በምትኩ ሐሰተኛውን (ሃርድዌሩን የሚመስል የቴስት ኮድ) ሊንክ አድርጉ። በየፋንክሽኑ ውስጥ "ቴስት ከሆነ ይህን ዝለል" የሚል ኢፍዴፍ (ሲገነባ ኮድን የሚያስገባ ወይም የሚያስወጣ ትዕዛዝ) መበተን መፍትሄ አይደለም። የፈተናችሁት ኮድና የምትጭኑት ኮድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆናሉ።

ምልክት፦ ቴስቱ አይወድቅም አያልፍም፣ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል።

"ዝግጁ" የሚለውን ቢት የሚጠብቅ ዋይል ሉፕ አለ፤ ሐሰተኛው ሬጅስተር ደግሞ መቼም አይለወጥም። ሐሰተኛው በሦስተኛው ንባብ ላይ "ዝግጁ" ብሎ እንዲመልስ አድርጉ። ከዚያ መቼም "ዝግጁ" የማይልበትን ሁለተኛ ቴስት ጻፉ። ይህኛው ከተንጠለጠለ ጥፋቱ የቴስቱ አይደለም፤ ኮዱ የጊዜ ገደብ የለውም፣ አንድ ሴንሰር ሲነቀል መሣሪያው ሙሉ በሙሉ ይቆማል ማለት ነው።

ምልክት፦ ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉም ያልፋል፤ ቦርዱ ላይ ስሌቱ የማይረባ ቁጥር ይሰጣል።

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው። ወዲያው የሚወቀሰው ደግሞ ሃርድዌሩ ነው፦ ኤዲሲው (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) ተቃጥሏል፣ ሪፈረንስ ቮልቴጁ ይዋዥቃል፣ ቺፑ ፎርጅድ ነው ይባላል። የብየዳ ብረት ከማንሳታችሁ በፊት የቁጥሮቹን ስፋት እዩ።

ባለ 10 ቢት የኤዲሲ ንባብን ወደ ሚሊቮልት የሚቀይር አንድ መስመር ውሰዱ፦ ንባቡ በ5000 ይባዛል፣ ለ1023 ይካፈላል። ንባቡ የተያዘው ባለ 16 ቢት ምልክት አልባ ቫሪያብል ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ኢንት 32 ቢት ስለሆነ 1023 በ5000 ሲባዛ 5,115,000 ይመጣል፤ ለ1023 ሲካፈል 5000። ቴስቱ አለፈ። ባለ 8 ቢቱ ኤቪአር ማይክሮኮንትሮለር ላይ ግን ኢንት 16 ቢት ነው፤ ስሌቱ ከ65,535 በላይ መያዝ አይችልም። ብዜቱ ይጠቀለልና 3192 ይቀራል፤ ያ ለ1023 ሲካፈል 3። አምስት ቮልት የነበረው ሦስት ሚሊቮልት ሆነ። ኮምፓይለሩም ንባቡ አስቀድሞ ስለማይታወቅ አብዛኛውን ጊዜ ዋርኒንግ እንኳ አይሰጥም።

ሰውን የሚያሳስተው ደግሞ ትናንሾቹ ቁጥሮች ልክ መሆናቸው ነው። ንባቡ 13 ሲሆን ብዜቱ 65,000 ነው፣ ይበቃዋል። 14 ሲሆን 70,000 ይደርስና 68 መውጣት የነበረበት 4 ሆኖ ይወጣል። በ0 እና በ10 ብቻ የፈተነ ሰው ስለዚህ ቦርዱ ላይም አረንጓዴ ያያል፣ እቃውም ይሄዳል። የላይኛውን ጫፍ ያልነካ የኤዲሲ ቴስት እንደ ቴስት አይቆጠርም።

መፍትሄው ከማባዛቱ በፊት ንባቡን ወደ ባለ 32 ቢት ምልክት አልባ መቀየር ነው። "በፊት" የሚለውን አስምሩበት፦ ብዜቱን ቅንፍ ውስጥ ከትቶ ውጤቱን መቀየር ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ነው። ይህን ስህተት "አስተካክለነዋል" ከተባለ ኮድ ውስጥ ጭምር ታገኙታላችሁ።

የዚሁ ችግር ዘመዶች ብዙ ናቸው። ሎንግ ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ 8 ባይት ነው፤ ኤቪአርም ባለ 32 ቢት ኤአርኤምም ላይ 4። በሚሊሰከንድ የሚቆጥር ባለ 32 ቢት ሰዓት ከ49 ቀን ከ17 ሰዓት በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይህን ለመፈተን ሐሰተኛውን ሰዓት ከ4,294,967,290 አስነሱትና 20 ሚሊሰከንድ አሳልፉ። ሰዓቱ የተያዘው በአንሳይንድ ሎንግ ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ ላይ የሚፈተነው ሌላ ሰዓት ነው፤ መጠቅለሉን አታዩትም ወይም ቦርዱ ላይ ልክ የሆነው ኮድ ኮምፒውተሩ ላይ ይወድቅባችኋል። የኤስቲዲኢንት ዓይነቶችን (የቢት ስፋታቸው በስማቸው የተጻፈውን) ተጠቀሙ፣ ሲነጻጸርም "አሁን ሲቀነስ መነሻ" ከገደቡ ጋር ይነጻጸር። መነሻው ላይ ገደቡን ደምሮ ከአሁን ጋር ማወዳደር መጠቅለያው ላይ ይሰበራል።

ቻርም አለ። ኢንቴል ኮምፒውተር ላይ ባለምልክት ነው፤ በጂሲሲ ለኤአርኤም ሲገነባ ምልክት አልባ። "ቁልፍ አልተጫነም" ለማለት ቻር ውስጥ −1 ያስቀመጠ ኮድ ቦርዱ ላይ 255 ያገኛል፤ "ከዜሮ ያንሳል ወይ?" የሚለው ጥያቄ መቼም እውነት አይሆንም። ዓይነቱን ባለ 8 ቢት ባለምልክት አድርጉት።

ሌላው፣ ከመጣ ፓኬት መሃል ባለ 32 ቢት ቁጥርን በፖይንተር ካስት መዝረፍ ነው። ኮምፒውተሩ ዝም ይላል። ኮርቴክስ ኤም0 የተባለው የኤአርኤም ፕሮሰሰር ግን አድራሻው ለአራት የማይካፈል ከሆነ ወዲያው ሃርድ ፎልት (ፕሮግራሙን የሚያስቆም ስህተት) ውስጥ ይገባል። ባይቶቹን አንድ በአንድ በሺፍት ሰብስቡ፤ የባይት ቅደም ተከተሉም አብሮ ይስተካከላል። የኮምፒውተሩን ግንባታ በአድሬስ ሳኒታይዘርና በአንዲፋይንድ ቢሄቪየር ሳኒታይዘር (ኮዱ ሲሮጥ ስህተት የሚይዙ የኮምፓይለር መሣሪያዎች) አስሩጡት፤ ሁለተኛው ይህን ካስት ቦርድ ሳይነካ ይይዝላችኋል። የኤቪአሩን የ16 ቢት ችግር ግን አይዝም፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ላይ ስህተት አልተፈጠረም። ለእሱ ያው ቴስት ሲሙሌተር ወይም ቦርዱ ላይ መሮጥ አለበት።

ምልክት፦ ለብቻው ሲሮጥ ያልፋል፣ ከሌሎቹ ጋር ይወድቃል።

ከቀደመው ቴስት የተረፈ ስታቲክ ቫሪያብል ነው። ሞጁሉን ወደ መነሻው የሚመልስ ኢኒት ጻፉና ከእያንዳንዱ ቴስት በፊት በሚሮጠው ሴትአፕ ውስጥ ጥሩት። የቴስቶቹን ቅደም ተከተል አገላብጦ "ተስተካከለ" ማለት ቆሻሻን ምንጣፍ ስር መጥረግ ነው።

ምልክት፦ ኦፕቲማይዜሽን ሲበራ ይንጠለጠላል። ኢንተራፕት የሚቀይረው ባንዲራ ቮላታይል አልተባለም፤ ስለዚህ ኮምፓይለሩ እንደማይለወጥ ቆጥሮ ዳግም አያነበውም።

ምልክት፦ ዲበገር ተሰክቶ ይሠራል፣ ሲነቀል ቦርዱ ይሞታል። ፕሪንትኤፍ በሴሚሆስቲንግ፣ ማለትም በዲበገሩ በኩል ወደ ኮምፒውተሩ፣ እየወጣ ነው፤ መልስ የሚሰጥ ዲበገር ሲጠፋ ፕሮሰሰሩ እዚያው ይቀራል። ውጤቱን በዩአርት (በሲሪያል መስመሩ) አውጡ።

ምልክት፦ ሁሉም አለፈ፣ ግን በጣም ፈጥኖ።

የማጠቃለያውን መስመር ቁጥር አንብቡ። 0 ቴስት፣ 0 ውድቀት እንዲሁ አረንጓዴ ነው። ዩኒቲን (የሲ ቴስት ማዕቀፍ) በእጅ በተጻፈ ራነር (ቴስቶቹን አንድ በአንድ የሚጠራ ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ከሆነ አዲሱን ቴስት ራነሩ ውስጥ መጨመር ይረሳል። አዲስ ቴስት ስትጽፉ መጀመሪያ ሆን ብላችሁ አስወድቁት፤ ቀይ ሲሆን ያላያችሁትን አትመኑ።

ምልክት፦ ለወራት የሠራ የፍላሽ ቴስት በድንገት መውደቅ ጀመረ።

ፍላሹን አድክማችሁታል። የብዙ ማይክሮኮንትሮለሮች ፍላሽ ዋስትና 10,000 ጊዜ ገደማ መጥፋትና መጻፍ ነው። በየ10 ደቂቃው የሚሮጥና በእያንዳንዱ ዙር አንድ ሴክተር የሚያጠፋ ቴስት በቀን 144 ጊዜ ያጠፋል፤ 10,000 ለመሙላት 70 ቀን ገደማ ይበቃዋል። ማስጠንቀቂያ፦ የቴስቱን ፕሮግራም መጫንም ራሱ ማጥፋት ነው። ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ቦርድ ለደንበኛ አትስጡ። በየዕለቱ የሚሮጠውን ቴስት ራም ላይ በተሠራ ሐሰተኛ ፍላሽ ፈትኑ፤ ሐሰተኛውም እንደ እውነተኛው የጠፋው ባይት 255 ይሁን፣ መጻፍም 1ን ወደ 0 ብቻ ይቀይር። ዝም ብሎ የተሰጠውን ሁሉ የሚቀበል አሬይ ካደረጋችሁት ሳያጠፋ የሚጽፍ ኮድ ያልፋል።

ምልክት፦ ሲሪያሉ ላይ የመጀመሪያዎቹ ቴስቶች ደጋግመው ይታተማሉ፣ መጨረሻው አይመጣም።

ዋችዶግ (በጊዜው ካልተነካ ቺፑን እንደገና የሚያስነሳ ሰዓት) መሃል ላይ ሪሴት እያደረገ ነው። ራነሩ ሲነሳ ገና ከማንኛውም ነገር በፊት የሪሴት ምክንያት ሬጅስተሩን ያትም፤ ከዚያ ባንዲራዎቹን አጥፉ፣ አለዚያ የትናንቱን ምክንያት ዛሬም ታነባላችሁ። ዋችዶጉን በአንዱና በሚቀጥለው ቴስት መካከል መግቡት፣ ማለትም ቆጠራውን እንደገና አስጀምሩት። አንድ ቴስት ብቻውን ከዋችዶጉ ጊዜ የሚበልጥ ከሆነ ውስጡ እውነተኛ ዲሌይ አለ፤ እሱን በሐሰተኛው ሰዓት ተኩት።