የወላጅን ውርስ አጣርቶ ለወራሾች ማከፋፈል፦ በአዳማ ለሚኖሩ ቤተሰቦች

እናት ወይም አባት አርፈው ሐዘኑ ሳይበርድ ስለ ገንዘብ ማንሳት ለብዙዎቻችን ነውር ይመስለናል፤ ይሁን እንጂ ውርስ ሳይጣራ በቆየ ቁጥር ወንድምና እኅት የሚቃቃሩበት ምክንያት እየበዛ ይሄዳል። አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ደግሞ ሥራው ከመጨረሻው ስለሚጀመር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያ ማን ወራሽ እንደሆነና ንብረቱ ምን እንደሆነ ይጣራል፣ ቀጥሎ ዕዳው ይከፈላል፣ የቀረው ብቻ ይከፋፈላል።

ከቀብር በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ሞቱን በቀበሌ አስመዝግቦ የሞት የምስክር ወረቀት ማውጣት ነው። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ደንግጓል፤ ወረቀቱም በፍርድ ቤት፣ በባንክና በመሬት አስተዳደር ቢሮ ስለሚጠየቅ በርከት ያለ ቅጂ ማዘጋጀት ይጠቅማል። በዚህ ወቅት አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ወላጅ በሕይወት ሳሉ ለአንዱ ልጅ የሰጡት ውክልና በሞታቸው ቀሪ ይሆናል፤ ስለዚህ ያ ልጅ ከሞት በኋላ በውክልናው ገንዘብ ሊያወጣም ሆነ ቤት ሊሸጥ አይችልም። በሟች የኤቲኤም ካርድ ወይም ሞባይል ባንኪንግ ገንዘብ ማንቀሳቀስም እንደዚሁ መቅረት አለበት፤ ገንዘቡ በቅንነት ለቀብር የዋለ ቢሆን እንኳ በኋላ ጥርጣሬን ይወልዳል።

ቀጥሎ የሟች ሰነዶች በሁለትና በሦስት ወራሾች ፊት ተከፍተው ይመዝገቡ። የቤቱ ካርታ፣ የባንክ ደብተር፣ የመኪና ሊብሬ፣ የአክሲዮን ሰርተፍኬትና የብድር ውል ብዙ ጊዜ በአንድ ሻንጣ ውስጥ ይገኛሉ፤ የሚዘነጋው እቁብ ነው። ሟች እቁቡ ገና ያልደረሳቸው ከሆነ የጣሉት ገንዘብ የውርሱ ሀብት ሲሆን፣ ቀድሞ ደርሷቸው ከነበረ ግን ቀሪው መዋጮ ዕዳ ነው፤ ሰብሳቢውንና ጸሐፊውን ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ይገባል። ኑዛዜ ካለም በዚሁ ጊዜ ይውጣ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመሠረቱ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም ያለበት ሲሆን፣ ሟች በእጃቸው ጽፈው የተዉት ደግሞ ቀንና ፊርማ ሊኖረው ይገባል። ኑዛዜው አንዱን ልጅ ከውርስ የሚነቅል ከሆነ ምክንያቱ በራሱ በኑዛዜው ውስጥ መገለጽ አለበት።

የወራሽነት ማስረጃ የሚጠየቀው ሟች በዋናነት ይኖሩበት በነበረው ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ነው፤ የአዳማ ነዋሪ የነበሩ እናት አዲስ አበባ ለሕክምና ሄደው ቢያርፉም ጉዳያቸው የሚታየው አዳማ ነው። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታውን በቋንቋው በሚጽፍ ጠበቃ ወይም ራፖር ጸሐፊ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። አቤቱታው ሁሉንም ልጆች መዘርዘር አለበት። በሕጉ ልጆች፣ ሴትም ሆኑ ወንድ፣ ከጋብቻ ውስጥም ሆነ ውጭ የተወለዱ፣ እኩል ወራሾች ናቸው፤ የጉዲፈቻ ልጅም እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጠራል፤ ከወላጁ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ ልጆቹ በእርሱ ቦታ ገብተው ድርሻውን ይወስዳሉ። ከሌላ እናት የተወለደን ወንድም ሳይጠቅሱ ማስረጃ ማውጣት ነውርም ወንጀልም ሊሆን የሚችል ድርጊት ነው፤ ማስረጃውም በኋላ ይሰረዛል። ወራሽነቱ የተካደበት ሰው መብቱንና ንብረቱ በሌላ መያዙን ባወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መክሰስ ይኖርበታል።

የወራሽነት ማስረጃ ማን ወራሽ እንደሆነ ያረጋግጣል እንጂ ገንዘቡን አያከፋፍልም። ይህን ያልተረዱ ቤተሰቦች ማስረጃው በወጣ ማግሥት ባንክ ይሰለፋሉ፤ በሕይወት ያለችው እናታቸውም ከልጆቿ እንደ አንዷ ትታያለች፣ ይባስ ብሎም ትረሳለች። የትዳር ጓደኛ በሕጋችን ወራሽ አይደለም፤ ነገር ግን የጋራ ሀብቱ ግማሽ ቀድሞውኑ የራሱ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የጋራው ከግሉ ተለይቶ የእናት ግማሽ መውጣት አለበት።

በምሳሌ እንየው። በአባት ስም ባንክ ውስጥ 1,200,000 ብር አለ፤ ገንዘቡ በትዳር የተፈራ ነው፤ ለቤተሰቡ ጥቅም የተወሰደ የ200,000 ብር ዕዳም አለ። ዕዳው ከጋራው ሲከፈል 1,000,000 ብር ይቀራል፤ ከዚህም 500,000 ብር የእናት ነው። ከአባት 500,000 ብር ላይ የቀብር ወጪ 20,000 ብር ሲነሣ 480,000 ብር ለአራት ልጆች ይደርሳል፤ ለእያንዳንዱ 120,000 ብር ማለት ነው። ከአራቱ አንዱ ቀድሞ ሞቶ ሁለት ልጆች ትቶ ከሆነ እያንዳንዳቸው 60,000 ብር ያገኛሉ።

በዕዳ አከፋፈል ሕጉ የቀብርን ወጪ ያስቀድማል፤ ከዚያ የማጣራቱ ወጪ፣ ቀጥሎም የሟች ዕዳ ይመጣል። የቀብር ወጪ የሚባለው ግን ለሟች ኑሮ የሚመጥነው ብቻ ሲሆን የተዝካር ወጪ በዚህ ውስጥ አይገባም። ትልቁ ልጅ ድንኳን ጥሎ፣ ሰንጋ አርዶ ያወጣውን ከውርሱ ይመለስልኝ ቢል ሌሎቹ ካልተስማሙ በቀር አይሆንም፤ ስለዚህ የአርባው ድግስ ከመታሰቡ በፊት ማን ምን ያህል እንደሚያወጣ ተነጋግሮ በወረቀት ማስፈር ከብዙ ቅያሜ ያድናል። በሌላ በኩል ለምሳሌ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ አባት ሲያርፉ ለሚስትና ለትንንሽ ልጆች የሚተላለፈው የጡረታ አበል የውርስ ሀብት አይደለም፤ ተጠቃሚው በስም የተጠቀሰበት የሕይወት መድንም እንዲሁ።

ወራሾቹ ከተስማሙ የክፍፍል ስምምነታቸውን በጽሑፍ አድርገው፣ ሁሉም ፈርመውበት፣ በፍርድ ቤት ቢያጸድቁት እመርጣለሁ። ካልተስማሙ ፍርድ ቤቱ የውርስ አጣሪ ይሾማል፤ አጣሪው ንብረቱንና ዕዳውን ዘርዝሮ ሪፖርት ያቀርባል፣ ተቃውሞ ያለውም ይሰማል። ባንኩ ገንዘቡን የሚለቀው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲደርሰው በመሆኑ ትእዛዙ የሒሳብ ቁጥሩንና የየወራሹን ድርሻ ለይቶ እንዲጠቅስ መጠየቅ ይገባል። ገንዘቡ በአንድ ወንድም ሒሳብ ገብቶ ከዚያ ይታደል የሚለውን ሐሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ በየድርሻው በየወራሹ ሒሳብ ይግባ።

ቤት ግን እንደ ገንዘብ አይቆረስም። ፍራንኮ አካባቢ ያለ አንድ ግቢ ለአራት መከፈል ካልቻለ በባለሙያ ይገመት፤ አንዱ ቤቱን ወስዶ ለሌሎቹ ድርሻቸውን በገንዘብ መክፈል ይችላል፤ አቅም ያለው ከሌለ ተሽጦ ዋጋው ይከፈላል። ከግምቱ በፊት በካርታው ላይ የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ አለመኖሩን፣ የጣሪያ ግብርና የሊዝ ክፍያ አለመወዘፉን ከከተማው መሬት አስተዳደር ማረጋገጥ ያሻል። ሟች በገጠር መሬት ከነበራቸው ጉዳዩ የይዞታ መብት ስለሆነ በገጠር መሬት ሕግ መሠረት በወረዳው መሬት ቢሮ በተናጠል ይታያል።

በውጭ አገር ያለ ወራሽ ባለበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የተረጋገጠ ውክልና ይልካል፤ ውክልናው መካፈልን፣ መሸጥንና ገንዘብ መቀበልን በየስማቸው ካልጠቀሰ ሥራው መንገድ ላይ ይቆማል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ድርሻ ደግሞ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገንዘቡ በልጁ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ሞግዚቱ ለትምህርት ወይም ለሕክምና ማውጣት ሲያስፈልገው ለፍርድ ቤቱ አመልክቶ፣ በተፈቀደለት ልክ አውጥቶ፣ ደረሰኙን ያስቀምጥ። ሌሎቹ ወራሾችም ድርሻቸውን ሲቀበሉ መጠኑና ቀኑ ተጽፎ ይፈርሙ፤ ከፊርማው አንድ ቅጂ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ይያያዝ፣ አንድ አንድ ቅጂም በየወራሹ እጅ ይቅር።